ጉርሻ የሚያስረሳው እጅ

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ተሐድሶ ነው። «ደግሞ የማን ተሐድሶ መጣ?» ብላችሁ ገጹን እንዳትገለብጡብኝ። በስደት ያለን ወገኖች ይህን ቃል ስንሰማ ትዝ የሚለን ወይ ካምፕ ነው፣ ወይ ግምገማ ነው፣ ወይ የሃይማኖት ክርክር ነው። ሐኪሞች ግን ይህንኑ ቃል ለሌላ ቁም ነገር ይሠሩበታል። በስትሮክ፣ በመኪና አደጋ፣ በጥይት ወይም በሌላ ሕመም አካሉ የተጎዳ ሰው እንደገና እንዲቆም፣ እንዲራመድ፣ እንዲናገር፣ የሸሚዙን ቁልፍ በገዛ እጁ እንዲቆልፍ የሚሰጠው ሕክምና ተሐድሶ ይባላል። እዚህ አገር ባጭሩ «ቴራፒ» የምንለው ነው።

ጉዳዩን ያነሣሁት በየቤታችን ስለ ገባ ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የሱዳንን በረሃ አቋርጦ እዚህ የደረሰው ትውልድ ዛሬ ሸምግሏል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ታክሲ ነድቶ፣ ፓርኪንግ ቆሞ፣ በሁለት ሥራ ልጆች አሳድጎ፣ «እንግዲህ ልረፍ» ሲል ደም ብዛት ይመጣበታል። ደም ብዛት ድምፅ የለውም። ሰውየው ደህና ነኝ እያለ ይከርምና አንድ ቀን ጠዋት አፉ ይጣመማል፣ አንድ ጎኑ አልታዘዝ ይለዋል። ለስትሮክ ከሚዳርጉት ነገሮች ዋነኛው ይኸው ደም ብዛት ነው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በሽተኛው ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ይገባል። ቤቱ በጠያቂ ይሞላል። ዶሮው ይሠራል፣ አጥሚቱ ይፈላል፣ ጠበሉ ይመጣል። ቀኝ እጁ ደክሟል እንጂ ፈጽሞ አልሞተም። እንጀራ ሊቆርስ ጣቶቹን ሲዘረጋ ግን ይንቀጠቀጡበታል፣ ወጡም ጭኑ ላይ ይፈስሳል። በዚህ ጊዜ ሚስት፣ ልጅ፣ እኅት፣ የማኅበር ጓደኛ በአንድ ድምፅ «ተው! እኛ እያለን?» ይላሉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ይጎርሳል፣ ይለብሳል፣ ፊቱን ይታጠባል፤ ግን ሁሉም በሰው እጅ ነው። ከስድስት ወር በኋላ ያ እጅ ደረቱ ላይ ታጥፎ ይቀራል። «ምን ይደረግ፣ በሽታው ነው» እንላለን። የበሽታው ድርሻ አለበት። የእኛም ድርሻ አለበት።

ነገሩ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ማጉረስ ፍቅር ነው፤ እናቶቻችን ያሳደጉን በጉርሻ ነው። ታዲያ ጉርሻ እጅ ያስረሳል ማለት ከየት የመጣ ወሬ ነው? ወሬ አይደለም። ታሪኩም እሩቅ አገር አይደለም። ከዩ ስትሪት እና ከ9ኛው መንገድ ማዕዘን፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቻችን ደጃፍ ተነሥታችሁ ሁለት መንገድ ወደ ምሥራቅ ብትሄዱ 7ኛው መንገድ ላይ ትደርሳላችሁ። እርሱም ፍሎሪዳ አቬኑን ሲሻገር ስሙን ለውጦ ጆርጂያ አቬኑ ይሆናል። የዩ ስትሪት ኪራይ ሲንር ብዙው ወገናችን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የተጓዘው በዚሁ ጎዳና ነው። ታክሲ የነዳ ሁሉ ከነመብራቱ በቃሉ ያውቀዋል። የቴራፒ ታሪክ ትልቅ ክፍል በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ የተሠራ መሆኑን ግን ያወቅን አይመስለኝም።

መጀመሪያ የምናገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን ነው። ሃዋርድ ለእኛ ባዳ አይደለም። ዶክተር መላኩ በያን በ1935 በሕክምና የተመረቀው እዚያ ነው። ከዚያም ጣልያን አገራችንን ሲወር ወደ ወገኑ ሄዶ አገለገለ፤ ተመልሶም በ1937 ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽንን መሠረተ። ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ከሐኪምና ከነርስ ሌላ የፊዚካል ቴራፒና የኦኩፔሽናል ቴራፒ ተማሪዎችን ያሠለጥናል። ሁለቱን የምናምታታ ብዙ ነን። ፊዚካል ቴራፒ በአመዛኙ ስለ መቆም፣ ስለ መራመድ፣ ስለ ሚዛን፣ ስለ ጡንቻና ስለ መጋጠሚያ ነው። ኦኩፔሽናል ቴራፒ ደግሞ ሰው በቀን ውሎው የሚሠራውን፣ ማለትም መልበስን፣ መታጠብን፣ መብላትን፣ ማብሰልን መልሶ ማስተማር ነው። ሦስተኛም አለ፤ የንግግርና የመዋጥ ቴራፒስት።

ሽቅብ ስንቀጥል የድሮውን የዎልተር ሪድ የጦር ሆስፒታል ግቢ እናገኛለን። ሆስፒታሉ በ2011 ተዘግቶ ሥራው ወደ ቤቴስዳ ተዛወረ፤ ግቢውም የመኖሪያና የንግድ ሠፈር ሆነ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1918፣ ሜሪ ማክሚላን የምትባል ሴት በዚህ ሆስፒታል የቁስለኞች ተሐድሶ ረዳቶች ኀላፊ ሆና ተሾመች። በጦር ሜዳ እጅ እግራቸው የተጎዳ ወታደሮች እየጎረፉ ነበርና አገሪቱ የምትፈልገው ቁስል የሚያክም ብቻ ሳይሆን ሰውን መልሶ ለሥራ የሚያበቃ ባለሙያ ነበር። ያን ጊዜ በጥድፊያ የሠለጠኑት ሴቶች ለአሜሪካ የፊዚካል ቴራፒ ሙያ መሠረት ጣሉ። በ1921 ማኅበራቸውን ሲያቋቁሙ የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ይህችው ማክሚላን ሆነች። ሙያው ከጅምሩ የማሠልጠን ሙያ ነው የምለው ለዚህ ነው።

የዛሬውን ጉዳያችንን የሚነካው ግን ሦስተኛው ቦታ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከጆርጂያ አቬኑ ብዙ ሳይርቅ፣ ብሩክቪል ሮድ በሚባለው መንገድ ላይ አንድ የምርምር ተቋም ነበር። እዚያ ኤድዋርድ ታውብ የሚባል ሳይንቲስት በዝንጀሮዎች ላይ ይመራመር ነበር። ከዝንጀሮው ክንድ ወደ አከርካሪ ስሜት የሚያደርሰው ነርቭ ይቆረጣል። እጁን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ግን አይነካም። ዝንጀሮው ያን እጅ ፈጽሞ ይተወዋል። ታውብ ከብዙ ዓመታት ምርምሩ የተረዳው ነገር ይህ ነው፤ ደህነኛው እጅ ሲታሰር ዝንጀሮው «የሞተውን» እጅ መጠቀም ይጀምራል!

ምሥጢሩ ምንድን ነው? እንስሳው ከጉዳቱ በኋላ ባሉት መጀመሪያ ቀናት እጁን ሊጠቀም ይሞክርና አይሆንለትም። ይወድቃል፣ ምግቡ ይበተንበታል። በደህነኛው እጁ ሲሠራ ግን ይሳካለታል። በዚህም «ይህ እጅ አይረባም» የሚል ትምህርት ይማራል። ኋላ ነርቮቹ አገግመው እጁ መሥራት በሚችልበት ጊዜ እንኳ አይሞክርም፤ አለመሞከርን ለምዷልና። ታውብ ይህን «የተለመደ አለመጠቀም» አለው። እንግዲህ የእኛን በሽተኛ አስቡት። እንጀራው ከእጁ ሲወድቅ ከፊት ለፊቱ ሃያ አጉራሽ አለው። አለመሞከርን ለመማር ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የት ይገኛል?

ታሪኩ ግን ንጹሕ አይደለም፤ አቆንጅቼ ልነግራችሁ አልፈልግም። በ1981 አሌክስ ፓቼኮ የሚባል የእንስሳት መብት ተሟጋች በፈቃደኛ ሠራተኛነት እዚያ ገብቶ የዝንጀሮዎቹን አያያዝ ፎቶግራፍ አነሣ። በመስከረም ወር የሞንትጎመሪ ካውንቲ ፖሊስ ገብቶ 17 ዝንጀሮዎችን ወሰደ። ታውብ ለእንስሳቱ ተገቢውን ሕክምና አልሰጠም ተብሎ ተፈረደበት። በ1983 የሜሪላንድ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የክፍለ ሀገሩ ሕግ በፌዴራል ገንዘብ የሚካሄድን ምርምር አይመለከትም በማለት ፍርዱን ሻረው። ያ ክርክር በ1985 የአሜሪካ የእንስሳት ጥበቃ ሕግ እንዲጠብቅ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ነበር። የእንስሳቱ ሥቃይ እውነት ነው፤ የተገኘው ዕውቀትም እውነት ነው። ሁለቱንም አብሮ መያዝ ነው እንጂ አንዱን በአንዱ መሸፈን አይገባም።

በ1991 ደግሞ የመንግሥት ተመራማሪዎች ከእነዚያው ዝንጀሮዎች በአንዳንዶቹ ላይ ያገኙትን ይፋ አደረጉ። ከእጅ ስሜት ይቀበል የነበረው የአንጎል ክፍል ባዶውን አልተቀመጠም፤ ከፊት የሚመጣውን ስሜት ይቀበል ጀምሯል። የትልቅ እንስሳ አንጎል አንዴ ከተሠራ አይለወጥም የሚለው የቆየ እምነት ክፉኛ ተናጋ። አንጎል እንደ እርሻ ነው፤ ያላረስከውን ሌላው ያርሰዋል።

ታውብ ወደ አላባማ ሄዶ ይህንኑ ዕውቀት ለስትሮክ በሽተኞች ሕክምና አደረገው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ደህነኛው እጅ ጓንት ይለብሳል፣ የደከመው እጅ ይሠራል። በ2006 የታተመ፣ በሰባት የአሜሪካ ማዕከሎች 222 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ዘዴውን ፈተነ። ሰዎቹ ስትሮክ ከያዛቸው ከሦስት እስከ ዘጠኝ ወር የሆናቸው ነበሩ። ለሁለት ሳምንት፣ ከእንቅልፍ ውጭ ያለውን ጊዜ 90 በመቶ ደህነኛው እጃቸው ጓንት ለብሶ እንዲውል ተደረገ። በሥራ ቀናት በቀን እስከ ስድስት ሰዓት በደከመው እጃቸው ይለማመዱ ነበር። የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ የእነዚህ እጅ በግልጽ ተሻሻለ፤ ከዓመት በኋላም ልዩነቱ አልጠፋም።

ይህን አንብባችሁ ዛሬ ማታ የአባባን ደህነኛ እጅ በነጠላ እንዳታስሩ! ሕክምናው የሚሆነው አንጓቸውንና ጣቶቻቸውን ጥቂትም ቢሆን ለሚያንቀሳቅሱ ሰዎች ነው። በዚያ ላይ እጁ የታሰረ ሰው ሲደናቀፍ መደገፊያ የለውም። ይህን መዝኖ የሚያዘው የሠለጠነ ባለሙያ ነው።

ወደ ባለሙያዋ ከመጣን አንድ የተለመደ ቅሬታ አለ። «ሄድኩ፤ አላሸችኝም። ፕላስቲክ ብርጭቆ ከዚህ ወደዚያ አሳለፈችኝ። ለዚህ ነው የሚከፈላት?» እንላለን። እኛ ቴራፒ ስንል የምንጠብቀው መታሸት ነው፤ ልባችን ያለው ወጌሻ ጋ ነው። ወጌሻ በአገራችን የተከበረ ሙያ ነው። ስትሮክ ግን ወለምታ አይደለም። የተጎዳው አንጎል ነው፤ አንጎል ደግሞ በቅባት አይታሽም። የሚታሸው በሥራ ነው፤ ያችን ብርጭቆ መቶ ጊዜ በማንሣት። ቴራፒስቷ አስተማሪ ናት፣ በሽተኛው ተማሪ ነው፣ ቤተ ሰቡ ደግሞ የቤት ሥራ አስጠኚ ነው። እርሷ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ብታየው ነው፤ የቀረው ሰዓት ሁሉ የእኛ ነው።

እዚህ ላይ ነው የተማሪዎች ነገር የሚመጣው። ምርምሩ ካስተማረን ነገር አንዱ ሰው በልምምዱ የሚሻሻለው ለሕይወቱ ትርጉም ያለውን ተግባር ሲለማመድ መሆኑን ነው። ፈረንጇ ቴራፒስት ሹካ ታስይዛለች። ደግ አደረገች፤ የምታውቀው ሹካ ነው። የእኛ ሰው ግን የሚፈልገው እንጀራ መቁረስ ነው። አስተውላችሁ እንደሆነ እንጀራ በአንድ እጅ መቁረስ ቀላል ጥበብ አይደለም። በሁለት ጣት ተይዞ፣ በአውራ ጣት ተቆንጥጦ፣ ወጡ ሳይፈስስ ተጠቅልሎ አፍ ይደርሳል። ቀኝ እጁ የደከመ ሰው በግራው እንዳይበላ ያፍራል። ስለዚህ ከመሶቡ ይርቃል፣ ከማኅበሩ ይቀራል፣ ለሠርግ ሲጠሩት «አሞኛል» ይላል። እጁን ብቻ አይደለም ያጣው፤ ሰውንም አጥቷል። ይህን የሚያውቅ ቴራፒስት ከየት ይምጣ? ጀበና አንሥቶ ስኒ ላይ ሳያፈስሱ መቅዳት ለእማማ ምን ያህል ማለት እንደሆነ ማን ይንገራት? ከእኛ ቤት የወጣ ልጅ ነው።

ልጆቻችን ነርስና ፋርማሲስት ሲሆኑ ደስ ብሎናል። ይህንንም በር ያንኳኩት። ፊዚካል ቴራፒስት ለመሆን ዛሬ በአሜሪካ ከመጀመሪያው ዲግሪ በኋላ የዶክትሬት ትምህርት ይጠየቃል፤ ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓመት ነው። ከዚያ ብሔራዊ ፈተናና የክፍለ ሀገር ፈቃድ ይከተላል። ለኦኩፔሽናል ቴራፒ ማስተርስ ይበቃል። ይህ ሁሉ ጊዜና ገንዘብ የሌለው ደግሞ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሁለት ዓመት የቴራፒስት ረዳትነት ትምህርት አለው። የሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ በሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ የአሌክሳንድሪያ ልጅ በስፕሪንግፊልድ ባለው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሊጠይቅ ይችላል። በሁሉም ዘንድ ትምህርቱ የመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ተማሪው የመጋጠሚያን መታጠፍ በዲግሪ መለካት፣ ሰውን ራሱ ሳይጎዳ ከአልጋ ወደ ወንበር ማዛወር ይማራል። ከዚያም በሆስፒታልና በክሊኒክ በባለሙያ እየተጠበቀ በበሽተኛ ላይ ይሠራል። በየቤቱ አዛውንት የሚንከባከቡ እኅቶቻችን ለዚህ ትምህርት የሚያበቃው ግማሹ ነገር በእጃቸው ነው፤ ሰው ማንሣትን ያውቁታል፣ ትዕግሥቱም አላቸው።

«አገራችን ይህ ነገር የት አለ?» የሚል አይጠፋም። አለ። በ1965 አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ ላይ የተቋቋመው አለርት በሙሉ ስሙ የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ተሐድሶና ማሠልጠኛ ማዕከል ነው። ከስሙ ጀምሮ ተሐድሶና ማሠልጠን አብረው ያሉበት፣ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ሠልጣኝ የመጣበት ነው። የሥጋ ደዌ ጣት «ይበላል» ሲባል አድገናል። ዶክተር ፖል ብራንድና ባልደረቦቹ በሕንድ ሠርተው ያስረዱት ግን በሽታው ስሜትን ስለሚገድል ሰውየው ሳያውቀው መቃጠሉን፣ መቁሰሉን፣ ቁስሉም እየመረቀዘ ጣቱን እንደሚያሳጣው ነው። መድኀኒቱ ብቻውን አይበቃም፤ እግርን በየቀኑ መመርመርና ተስማሚ ጫማ መልመድ ያስፈልጋል። ይኸው ትምህርት ዛሬ ስኳር እግሩን ላደነዘዘበት ለዚህ አገር በሽተኛም ይሰጣል።

ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን በዲግሪ ሲያስመርቅ ቆይቷል። ካናዳ ካለው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ በ2017 በጀመረው ሥራም በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት ተከፍቷል። በጦርነት ስንት ወጣት እጅ እግሩን ባጣበት አገር እነዚህ ተማሪዎች ምን ያህል እንደሚፈለጉ መናገር አያሻም። እዚህ ያለ ባለሙያ የዕረፍቱን ሁለት ሳምንት ሄዶ ቢያስተምር፣ የማይችለው መጽሐፍና መሣሪያ ቢልክ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

እስከዚያው ለየቤታችን ጥቂት ምክር ልስጥ። አንደኛ፣ የፊት መጣመም፣ የክንድ መዛል፣ የንግግር መኮላተፍ በድንገት ሲታይ ጠበል ወይም ዘመድ ከመጥራት በፊት 911 ይደወል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኀኒት የሚሰጠው በመጀመሪያዎቹ አራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ በፈጠነ መጠንም ይሻላል። ሁለተኛ፣ ስትሮክ የመታው ሰው መዋጡ ሳይመረመር ምግብም ውሃም አይሰጠው። ያልተዋጠ ጉርሻ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ጉርሻ የሚገድልበትም ጊዜ አለ። ሦስተኛ፣ የደከመውን እጅ ይዛችሁ ጎትታችሁ አታስነሡ፤ ትከሻው ይጎዳል። አራተኛ፣ አስተርጓሚ ጠይቁ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በ1964 የሲቪል መብት ሕግ መሠረት ቋንቋ ለማይችል በሽተኛ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የአሥር ዓመት ልጅ የአያቱን ልምምድ ያስተረጉም ዘንድ አይገባም። አምስተኛ፣ ሜዲኬር ያለው ሰው «ከእንግዲህ አትሻሻልም» ተብሎ ብቻ ቴራፒው ቢቋረጥበት ዝም አይበል። በ2013 በፍርድ ቤት የጸደቀ ስምምነት ያለውን አቅም ለመጠበቅ የሚያስፈልግ የባለሙያ ቴራፒም እንደሚሸፈን አረጋግጧል።

ስድስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ሐኪሙ ይብላ ካለ በኋላ እንጀራው ቢወድቅበትም ታገሡት። ሰዓት ቢፈጅ ጠብቁት። ነጠላው ወጥ ቢነካው ይታጠባል። እጁ ሲንቀጠቀጥ እያዩ ዝም ማለት ለአበሻ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ያ ዝምታ ከጉርሻው የበለጠ ፍቅር የሚሆንበት ጊዜ አለ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉ የለ? ጉርሻ ጨርሶ ይቅር አላልኩም። ቅደም ተከተሉ ይለወጥ ነው ያልኩት፤ በዚያ በደከመው እጁ ቆርሶ መጀመሪያ እሱ ያጉርሰን።

ሳምንት በሌላ ጨዋታ ያገናኘን። ደም ብዛታችሁን ተለኩ። ቸር ሰንብቱ።